ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ምክክር እንጨዋወታለን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ጊዜ «የወንዶች ወሬ» ተብሎ የሚታለፍ ነው፤ የአሮጌ ትንሽ መኪናን ሞተርና ካምቢዮ ስለ መቀየር። «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ነገር ግን የአንድ ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን ወደ ጋራዥ ሲገባ፣ መኪናውም ሚስትና ልጆች የሚሳፈሩበት ሲሆን፣ ነገሩ የባል ብቻ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ እህቶችም ገጹን ሳትገልጡ አብራችሁን ቆዩ።

መኪና የሚወረስበት አገር

በብዙ አገር መኪና ሲያረጅ ይጣላል። በእኛ አገር ግን ይወረሳል። ለዚህ ትልቁ ምስክር ቮልስ ነው። በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈው ይህ ጀርመን ሠራሽ መኪና፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሌላው ዓለም በሙዚየምና በበዓል ቀን ሰልፍ ሲያየው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ሙሽራም ይጭናል። አያት የገዛውን የልጅ ልጅ ሲነዳው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ የሆነው በፍቅር ብቻ አይደለም። መኪና መግዛት ከባድ ስለሆነም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በእጁ ያለውን ያህል የሚጠግን ሰው ቢበዛ አይገርምም። ጥገናው ሲደጋገም ደግሞ አንድ ቀን ያ የታወቀ ሐሳብ ይመጣል፤ «ለምን ሞተሩን ከነካምቢዮው አንቀይረውም?»

ባልና ሚስቱ በኮኪት

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንየው። በኮኪት የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ኮኪት ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሳይደረስ ያለች ከተማ ናት። ባል መምህር ነው፤ ሚስት በጤና ጣቢያ ትሠራለች። ባል ከአባቱ የወረሰውን 1300 ቮልስ ከጎንደር ይዞት ወርዷል። የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ዘይት መጠጣት ጀመረ፤ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ካምቢዮውም ሁለተኛ ማርሽ ላይ አልረጋም አለ፤ ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ ማርሹ በራሱ ይወጣል። ባል ማንሻውን በእጁ ይዞ መንዳት ለመደ።

ጎንደር ወጥቶ ለመካኒክ ሲያሳይ፣ መካኒኩ «መምህር፣ ይህን ጥለን ከፍ ያለ ሞተር ከነካምቢዮው እናስገባልዎ፤ እንደ አዲስ ይሆንልዎታል» አለው። ባል ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ለልጃችን የጎንደር ትምህርት ያስቀመጥነው ገንዘብስ?»

ማን ትክክል ነው? ባል ትክክል ነው፤ ያ መኪና እንደዚያው ሊነዳ አይገባም። ሚስትም ትክክል ናት፤ ያ ገንዘብ ባለቤት አለው። ችግሩ የሚፈጠረው ሁለቱ እውነቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጡ ሞተሩ ሲወርድ ነው። ጠረጴዛው ላይ መቅረብ ያለባቸውን ነገሮች እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ በሽታውን እወቁ

መድኃኒት ከመግዛት በፊት ምርመራ እንደሚቀድም ነርሷ ሚስት ከማንም በላይ ታውቃለች። ለመኪናም እንዲሁ ነው። ሞተር «አልቋል» ከመባሉ በፊት የአራቱም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ይለካ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ፣ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የተሰበረ ፋሻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሙሉ ሞተር ከመለወጥ በብዙ ይቀልላል። አራቱም አብረው ከወረዱ ግን ሞተሩ በእርግጥ ደክሟል።

በቮልስ ላይ ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ በእጅ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መግፋትና መሳብ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ፑሌጃው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን የውስጡ ኩሽኔታ ወይም የተቀመጠበት ቤት ተበልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ቫልቭ በማስተካከል ማዳን አይቻልም።

ካምቢዮውንም አስመርምሩ። ማርሽ አልገባ ካለ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ገመድ መላላት ሊሆን ይችላል፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ሲነካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መንገድ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ካምቢዮ የተጣለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማርሽ ገብቶ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ብዙ ጊዜ በሽታው ከካምቢዮው ውስጥ ወይም ከተሰቀለበት ጎማ ነው። ጎማው የተቀደደ መሆኑን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነውና አስቀድሙት።

እዚህ ላይ ባልና ሚስት ሊይዙት የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። ዘይት የሚጠጣ ሞተር ኪስ ይጎዳል፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ የሚለቅ ካምቢዮ ግን ሕይወት ይጎዳል። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ማን እንደሚቀድም ከዚህ ግልጽ ነው።

ከአንድ ቤተሰብ የመጣ ልብ

ሞተር መቀየር ከተወሰነ ቀጣዩ ጥያቄ «የማንን ሞተር?» የሚለው ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ የተሳካላቸው ቅያሪዎች ከአንድ ቤተሰብ የተወሰዱ ናቸው። ጣሊያኖች የትንሿን ፊያት 500 ሞተርና ካምቢዮ በተከታይዋ በፊያት 126 ሲለውጡ ኖረዋል። የ500ው ካምቢዮ ማርሽ ለመቀየር ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነበር፤ የ126ቱ ግን ከአንደኛ በቀር ያለ ችግር ይገባል፤ ሞተሩም ከፍ ይላል፤ ከሁሉ በላይ ሁለቱ እህትማማቾች ስለሆኑ ብዙ መቁረጥና መበየድ አያስፈልግም። አዲስ አበባን ለዓመታት ያገለገለው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲም እንዲሁ ነው። ከፊያት 124 የተወለደ ሲሆን፣ የ1200፣ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮቹ ዘመዳማቾች ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ሊቀመጥ ይችላል።

ቮልስም ይህ በረከት አለው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። ባትሪው ይነቀላል፤ የቤንዚን ጎማው፣ የነዳጅ ገመዱ፣ የማሞቂያው ገመዶችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ይፈታሉ፤ ከዚያ በክሪክ ተደግፎ ወደ ታች ይወርዳል። ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ብዙም ስለማይርቅ ሁለት ሰዎች ይበቁታል። ይህ ቅለት ግን ያታልላል። «ገባ» ማለት «ተስማማ» ማለት አይደለምና።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ በኋላ 12 ቮልት ሆኑ። የ6 ቮልቱ ቮላኖ፣ ማለትም ሞተሪኖው ነክሶ ሞተሩን የሚያዞርበት ክብ ብረት፣ 109 ጥርስ አለው፤ የ12 ቮልቱ ደግሞ 130። የኋለኛው ቮላኖ ተለቅ ስለሚል፣ ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ሲገጠም የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ ይነካል። ቤቱ በጥንቃቄ ካልተላገ ይፋጫል፤ ሞተሪኖውም ካልተለወጠ ጥርሶቹ አይገናኙም። ሞተሩን ብቻ የገዛ ሰው ይህን የሚያውቀው አሮጌው ከወረደና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ለመካኒኩ «ሞተሩ ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ይህ ሞተር ከእኛ ካምቢዮ ጋር እንዲስማማ ሌላ ምን ይቀየራል?» በሉት።

ከሌላ ቤተሰብ የመጣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር በቮልስ ላይ ማስገባትስ? ይቻላል፤ የሠሩትም አሉ። ነገር ግን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ልዩ ብረት፣ ራዲያተርና ውኃውን ከፊት ወደ ኋላ የሚያመላልስ ቱቦ ይጠይቃል። ብራዚል ውስጥ ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ በቮልስ ኮምቢ ላይ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር በውኃ በሚቀዘቅዝ ሲተካ፣ ከፊት ራዲያተር ማስቀመጥ ነበረበት። ፋብሪካ በመሐንዲሶቹ አስልቶ የሠራውን፣ አንድ ጋራዥ በግምት ሲሠራው ውጤቱ እንደ ዕድል ይሆናል። መለዋወጫ ከሩቅ ለሚያስመጣ የኮኪት ነዋሪ ይህ መንገድ አይመከርም።

ካምቢዮ ስም ብቻ አይደለም

ብዙዎች «የቮልስ ካምቢዮ» ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላቸዋል። አይደለም። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ኮሮናና ፒኞን የሚባሉት ጥርሶች፣ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ካምቢዮው ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ይወስናሉ። በ1200ና በ1300 ቮልስ ላይ ይህ ቁጥር 4.375 ነው። በ1500 ላይ 4.125 ሲሆን፣ በኋለኞቹ አንዳንድ 1600 ሞዴሎች ላይ 3.875 ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ መኪናው በሜዳ ላይ ሞተሩ ሳይጮኽ ይፈጥናል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል። የመምህሩ መንገድ ግን ኮኪት ላይ ከ1,000 ሜትር በታች ተነሥቶ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ጎንደር የሚወጣ ነው። 1300 ሞተሩን ይዞ የ1600 ካምቢዮ ቢያስገባ፣ ሚስትና ልጆች ከነሻንጣቸው ተሳፍረው ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ሳይበቃው ወደ አንደኛ ሲወርድ ይውላል። ሞተሩ ያለ ልክ ይግላል። ስለዚህ የሚገዛው ካምቢዮ ከየትኛው ሞዴል እንደ ወጣ ማወቅ ግድ ነው። ይህን በእጅ መቁጠርም ይቻላል፤ ማርሹን አራተኛ ላይ አድርጎ የመግቢያውን ዘንግ በማዞር መውጫው ስንት እንደሚዞር የሚያሳይ መካኒክ ከተገኘ፣ ያ መካኒክ ሊታመን ይችላል።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። በቮልስ ላይ ካምቢዮ ለማውረድ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ሞተሩ ወርዶ ሳለ የፍሪሲዮን ዲስኩን፣ የሚገፋውን ኩሽኔታና ከቮላኖው ኋላ ያለውን የዘይት መከላከያ ጎማ መለወጥ ብልህነት ነው። ለእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ተብሎ ሞተሩ ዳግመኛ ቢወርድ የእጅ ዋጋው እንደ ገና ይከፈላል።

የቆላው ሙቀት ይቅር አይልም

ጎንደር ላይ የተሠራ ሥራ ኮኪት ላይ ይፈተናል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቆላ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ ይዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ በዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት ይበራል፤ በዚህ ጊዜ «ቤት ድረስ ልድረስ» ማለት ሞተሩን መግደል ነው። ወዲያው መቆም ያስፈልጋል። ትርፍ ቺንጋና እሱን የሚፈታ ቺያቤ ከመኪናው አይታጡ።

ሞተር ሲቀየር በብዙ ጋራዥ የሚቀር አንድ ነገር አለ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና ዳር ዳሩን የሚዘጋው ጎማ ናቸው። «ያለዚህም ይሠራል» ተብለው ጥግ ላይ ይጣላሉ። ሥራቸው ግን ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ መከልከል ነው። ደጋ ላይ መቅረታቸው ቶሎ አይታወቅም። ቆላ ላይ ግን ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። መኪናውን ከጋራዥ ስትረከቡ የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ በሞተሩ ዳር መሬት የሚታይበት ክፍተት ካለ ሥራው አላለቀም።

በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለሚቆም፣ ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ያነሰ ቀዝቃዛ አየር ያገኛል። ፋብሪካው ይህን ዐውቆ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በ1600 ሞተር ላይ የማቀዝቀዣውን ቦታ አሻሽሏል። ከሁለት ተመሳሳይ ሞተሮች መምረጥ ከቻላችሁ ለቆላ የተሻሻለው ይመረጣል።

ካርቡራቶሩም አይረሳ። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቤንዚን እንዲመጠን ተብሎ የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ይለወጣል። ያው መኪና ወፍራም አየር ወዳለበት ቆላ ሲወርድ የሚደርሰው ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ የቆጠበ ይመስላል እንጂ ይግላል፣ ቫልቭም ያቃጥላል። መካኒኩ መኪናው የት እንደሚኖር በግልጽ ይነገረው። በመጨረሻም ቮልስ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀድሞው ሞተር ወንፊት እንጂ የዘይት ፊልትሮ የለውም። የአቧራ አገር ነዋሪ ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ከዚያም ፈጠን ብሎ ቢቀይር ትርፉ የራሱ ነው።

መሄድን ያሰበ መቆምንም ያስብ

ከፍ ያለ ሞተር ሲገባ መኪናው ይፈጥናል፤ ፍሬኑ ግን የድሮው ነው። ብዙዎቹ የቀድሞ ቮልሶች በአራቱም እግር ታምቡር ፍሬን አላቸው፤ የፍሬን ዘይታቸውም በአንድ መስመር ይሄዳል። ያ መስመር አንድ ቦታ ላይ ቢያፈስ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ከአይከል ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቃል። ቁልቁለት ላይ ሸክሙን የሚይዘው ሞተሩና ሁለተኛ ማርሹ ነው፤ ማርሹ ከለቀቀ ሁሉም ነገር በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ታምቡር ደግሞ መያዙን ይቀንሳል።

ስለዚህ የፍሬን ጎማዎች፣ ቱቦዎችና ሸራዎች ያልታሰቡበት የሞተር ቅያሪ ግማሽ ሥራ ነው። «ፍሬኑን በሌላ ጊዜ» የሚል ዕቅድ ከቀረበላችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ ፍሬኑ ዛሬ፣ ጉልበቱ በሌላ ጊዜ።

ወረቀቱም የመኪናው አካል ነው

በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። በቮልስ ላይ የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ተቀርጿል፤ የሻንሲው ደግሞ ከኋላ መቀመጫ ሥር ይገኛል። ሞተሩ ሲለወጥ በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና በብረቱ ላይ ያለው ይለያያሉ። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ፣ ሲሸጥ ወይም በመንገድ ላይ ሲፈተሽ ጥያቄ ይነሣል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣው እንዲህ ያለውን ነገር ሥርዓት ለማስያዝ ነው። እንግዲህ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው ወደ ተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለቅያሪው ምን ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ አረጋግጡ።

ድንበር አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ይበልጥ ይመለከተዋል። ርካሽ ሞተር «በዚያ በኩል ገብቷል» ተብሎ ሊቀርብለት ይችላል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለው፣ የሻጩ ማንነት የማይታወቅ ሞተር ግን ርካሽ አይደለም። አንድም ከሊብሬው ጋር አይመዘገብም፤ አንድም የሌላ ሰው እንባ ያለበት የተሰረቀ ዕቃ ይሆናል። በንጹሕ ሕሊና ልጆቻችሁን የማትጭኑበትን መኪና አትሥሩ።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የተናገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየጋራዡ ጥግ በድንጋይ ላይ ቆመው፣ ሸራ ተደርቦባቸው የቀሩት መኪናዎች የዚያ ያልተጨረሰ ግንብ ዘመዶች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ሞተር የሚያወርዱበት ነበራቸው፤ መልሰው የሚያስገቡበት አጡ። ይህ እንዳይደርስባችሁ አንድ ምሽት ልጆች ከተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። የሚከተሉትንም ጻፉ፦

1. መኪናው ምን ሥራ ይሠራልናል? በሳምንት ስንት ቀን ይንቀሳቀሳል? ለአጭር መንገድ ባጃጅ፣ ለሩቁ የሕዝብ መኪና ይበቃናልን?

2. ምርመራው ምን አለ? የኮምፕሬሽኑ ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎልናልን?

3. ሙሉው ወጪ ስንት ነው? ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬን፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ፣ የማጓጓዣና የወረቀት ጉዳይ፤ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይጻፍ።

4. ገንዘቡ ከየት ይወጣል? ከየትኛው ገንዘብ ፈጽሞ አይነካም?

5. አሮጌው ሞተር የማን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል፤ ነገር ግን ክፍሎቹ ዋጋ አላቸው። ይዛችሁት ተመለሱ።

6. ሥራው ቢበላሽ መካኒኩ እስከ መቼ ኃላፊነት ይወስዳል? ይህም ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይሁን።

በተጨማሪ ከመቶ በላይ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ጋራዥ ጋር ለሚሠራ ሰው፣ የመንገዱም ነገር ይታሰብ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። «አንድ ዕቃ ቀረ» ተብሎ ደርሶ መልስ መሄድ ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም። ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ ሳይቆጠር ሞተሩ አይውረድ።

«ለምን በኤሌክትሪክ አንቀይረውም?» የሚል ወጣት በቤታችሁ ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ ሕልም ብቻ አይደለም። ቮልስዋገን ኩባንያ ራሱ ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 አሮጌ ቮልስን በ36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪና ባለ አንድ ማርሽ ካምቢዮ በኤሌክትሪክ አንቀሳቅሶ አሳይቷል። ነገር ግን ባትሪው ክብደት ስለሚጨምር የመኪናውን እግሮችና ፍሬኖች ማጠናከር ግድ ነው። ለኮኪቱ ቤተሰብ ይህ ለዛሬ አይደለም።

ታዲያ ምን ይወስኑ?

ወደ መምህሩና ወደ ነርሷ እንመለስ። እንዲህ ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል። መኪናው በመጀመሪያ ይመርመር። የካምቢዮው ጎማ ጤነኛ ሆኖ ማርሹ አሁንም የሚለቅ ከሆነ፣ ለ1300 የሚስማማ 4.375 ካምቢዮ ይፈለግ፤ ወይም የራሳቸው ካምቢዮ ተከፍቶ ይጠገን። ሞተሩ ለዚሁ ሥራ ሲወርድ ፍሪሲዮኑና የዘይት ጎማው ይለወጥ፤ ፍሬኑም አብሮ ይሠራ። ዘይት የሚጠጣው ሞተር ፑሌጃው ካልተንኳኳ፣ ዘይቱ በየሳምንቱ እየታየና እየተሞላ ሌላ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። የልጅቷ የትምህርት ገንዘብ ባለበት ይቀመጥ። ለሞተሩ ደግሞ ከሁለቱም ደመወዝ ጥቂት ጥቂት እየተቆረጠ የራሱ መዝገብ ይከፈትለት። ሲሞላ ከዚያው ቤተሰብ የሆነ፣ ወረቀት ያለው፣ ለቆላ የሚመች ሞተር ይገዛ።

በዚህ ውሳኔ ባል የአባቱን መኪና አያጣም፤ ሚስትም የልጇን ወንበር አታጣም። መካኒኩ ካቀረበው «እንደ አዲስ» ከሚለው ተስፋ ያነሰ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ቤተሰቡ ሁሉ ተሳፍሮ ከአይከል ቁልቁል ሲወርድ ሁለተኛው ማርሽ ይይዛል፤ ፍሬኑም ይታዘዛል። ቤት ውስጥ ደግሞ ያልተመከረበት ዕዳ የለም።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ባልና ሚስት፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንድታደርጉ አደራ እላችኋለሁ። አንደኛው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፑሌጃውን ገፍታችሁ ሳቡት። ሁለተኛው፣ ከላይ ያሉትን ስድስት ጥያቄዎች አብራችሁ መልሱ። መልሳችሁ ላይ ሳትስማሙ ግን ክሪኩ ከመኪናው ሥር አይግባ።